ጓያና የእግር ሽባነት፦ በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ጓያ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ለሽሮ፣ ለክክ፣ ለንፍሮና ለቆሎ የሚውል ጥራጥሬ ነው። አልፎ አልፎ ከሌላ ምግብ ጋር ሲበላ ጉዳት አያመጣም። በችግር ጊዜ ግን ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ፣ እግርን የሚያሽመደምድ የነርቭ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። በሽታው ኒውሮላቲሪዝም ወይም በአጭሩ ላቲሪዝም ይባላል፤ በሕዝቡ ዘንድ ደግሞ የጓያ በሽታ በመባል ይታወቃል።

ይህ ጽሑፍ በሽታው በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ፣ ለምን እግርን እንደሚመታ፣ ምን ዓይነት ሕክምና እንዳለው እና እንዴት መከላከል እንደሚቻል ያስረዳል።

ዋና ዋና ነጥቦች

• በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በዘርም አይወረስም።
• ከእግር ጀምሮ የሚታይ መገተርና መድከም ያስከትላል፤ አእምሮን አይጎዳም።
• አንዴ የሞተ የነርቭ ሕዋስ አይተካም። ስለዚህ ከሕክምናው ይልቅ መከላከሉ ይበልጣል።
• ጓያን ከጤፍ፣ ከበቆሎ ወይም ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት፣ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት አደጋውን ይቀንሳል።
• የእግር መክበድ ወይም መገተር ሲጀምር ጓያ መብላትን ወዲያው ማቆምና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ፎገራና ጓያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወረታ፣ የፎገራ ሜዳ ማዕከል ናት። ከጉና ተራራ አካባቢ የሚነሡት ርብና ጉማራ ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ መሬቱ በውሃ ይጥለቀለቃል። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ውሃውን ስለሚይዝ ዛሬ አካባቢው በሩዝ ይታወቃል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይበቅላሉ። ጓያ ሩዙ ከመታጨዱ በፊት በመካከሉ የሚዘራበት ጊዜም አለ።

ጓያን ገበሬው የሚወድደው ያለ ምክንያት አይደለም። ውሃ የተኛበት መሬት ላይ ይበቅላል፤ ዝናብ ሲያጥርም ይችላል፤ ብዙ እርሻና ማዳበሪያ አይፈልግም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ፕሮቲኑም ብዙ ነው። ስለዚህ ጎርፍ ወይም ድርቅ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋ በጎተራ የሚቀረው ጓያ ይሆናል። አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሌላ እህል ያለው ቤተሰብ ጓያን በሽሮ መልክ ይበላል፤ ሌላ እህል የጨረሰ ቤተሰብ ደግሞ ጠዋትም ማታም ጓያ ብቻ ይበላል።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደንቢያና በፎገራ ቤት ለቤት ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት፣ በሽታው በእነዚህ አካባቢዎች በእጅጉ ተስፋፍቶ እንደነበር አሳይቷል፤ ከ1 ሺህ ሰው ወደ 6 የሚጠጋው በበሽታው የተጎዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደረሰው ድርቅ በኋላ ደግሞ በወሎ ደላንታ ዳውንት ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች ታመዋል።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በሕንድና በባንግላዴሽም ለረጅም ጊዜ ታይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ቫፕኒያርካ በተባለ ካምፕ የታሰሩ አይሁዶች በየቀኑ 400 ግራም ጓያ ይሰጣቸው ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙዎቹ እግራቸው ሽባ ሆነ። አብሯቸው የታሰረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነው መንስኤው ምግቡ መሆኑን የለየው። የትም አገር ቢሆን ታሪኩ አንድ ነው፦ ሌላ የሚበላ ሲጠፋ የሚመጣ በሽታ ነው።

ጤናማ የነርቭ ሕዋስ እንዴት ይሠራል?

እግርዎን ለማንሣት ሲያስቡ ትእዛዙ የሚነሣው በአንጎልዎ የላይኛው ክፍል ካሉ ትላልቅ የነርቭ ሕዋሳት ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ እንደ ክር የረዘመ ጭራ አለው፤ ይህ አክሰን ይባላል። ወደ እግር ትእዛዝ የሚያደርሰው አክሰን ከአንጎል ተነሥቶ በህብለ ሰረሰር ውስጥ እስከ ወገብ ይወርዳል። ርዝመቱ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ሕዋሱ ራሱ ግን በዓይን አይታይም። ወገብ ላይ ሲደርስ ትእዛዙን ለሌላ የነርቭ ሕዋስ ያቀብላል፤ ያኛው ደግሞ ወደ እግር ጡንቻ ያደርሰዋል።

ይህን ሥራ ለመሥራት ሕዋሱ በውስጡ የተለያዩ ክፍሎች አሉት፦

• ማይቶኮንድሪያ፦ ከምግብና ከኦክስጅን ኃይል የሚያመርቱ ክፍሎች ናቸው። የነርቭ ሕዋስ ከሌሎች ሕዋሳት ይልቅ ብዙ ኃይል ይፈጃል።
• የሕዋስ ሽፋን፦ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚወጣ ይቆጣጠራል። በላዩ ላይ መልእክት የሚቀበሉ ተቀባዮች አሉ።
• የማጓጓዣ መስመሮች፦ በአክሰኑ ውስጥ ከላይ እስከ ታች የተዘረጉ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው። ኃይል አምራቾቹንና ሌላውን አቅርቦት እስከ ጫፍ ያደርሳሉ።
• መከላከያ ኬሚካሎች፦ ከእነዚህ ዋናው ግሉታታዮን ነው። ኃይል ሲመረት የሚወጡትን ጎጂ ቅንጣቶች ያከሽፋል፤ ልክ ምድጃ ሲነድ የሚወጣውን ጭስ እንደሚያስወጣ ቀዳዳ ማለት ነው።

የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚነጋገሩት በኬሚካል ነው። ከእነዚህ አንዱ ግሉታሜት ነው። ግሉታሜት በሚቀጥለው ሕዋስ ተቀባይ ላይ ሲያርፍ በሩ ለአፍታ ይከፈታል፤ መልእክቱ ይተላለፋል፤ በሩ ይዘጋል።

የጓያ መርዝ በሕዋሱ ላይ ምን ያደርጋል?

በጓያ ፍሬ ውስጥ ቤታ-ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። ተመራማሪዎች ለይተው ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ቅርጹ ከግሉታሜት ጋር ስለሚመሳሰል የነርቭ ሕዋሱን ያታልለዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦

1. በሩ ክፍት ይሆናል። ቤታ-ኦዳፕ በግሉታሜት ተቀባይ ላይ ተቀምጦ ሕዋሱን ደጋግሞ ይቀሰቅሰዋል። ሕዋሱ ማረፍ ሲገባው ሳያርፍ ይሠራል።

2. ካልሲየም ይበዛል። በተከፈተው በር የሚገባው ካልሲየም ከመጠን በላይ ይሆናል። ትንሽ ካልሲየም ለሕዋሱ ምልክት ነው፤ ሲበዛ ግን የሕዋሱን ክፍሎች የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን ያነቃል።

3. ኃይል አምራቾቹ ይደክማሉ። ማይቶኮንድሪያ የተትረፈረፈውን ካልሲየም ለመያዝ ሲሞክሩ ይጎዳሉ። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ቤታ-ኦዳፕ የማይቶኮንድሪያን የመጀመሪያ የኃይል ማምረቻ ደረጃ እንደሚያውክ ታይቷል። ኃይል ሲያንስ ካልሲየሙን ወደ ውጭ የሚገፉት ፓምፖችም ይዳከማሉ፤ ስለዚህ ችግሩ ራሱን ያባብሳል።

4. መከላከያው ይሟጠጣል። የተጎዱ ማይቶኮንድሪያ ብዙ ጎጂ ቅንጣት ያወጣሉ። እነዚህን የሚያከሽፈው ግሉታታዮን ደግሞ ድኝ ካላቸው አሚኖ አሲዶች፣ ከሲስቲንና ከሜታዮኒን፣ ይሠራል። ጓያ በእነዚህ ድሃ ነው። ከዚህም በላይ ቤታ-ኦዳፕ ሲስቲን ወደ ሕዋሱ እንዳይገባ ያውካል። ጓያ ብቻ የሚበላ ሰው መርዙን ይወስዳል፤ መከላከያውን የሚሠራበትን ግን አያገኝም።

5. ክሩ ይበላሻል። ኃይል ያጣውና የተጎዳው አክሰን ቀስ በቀስ ይጠፋል። በበሽታው ተይዘው በኖሩ ሰዎች ላይ ከሞት በኋላ በተደረገ ምርመራ፣ ወደ እግር የሚወርደው የህብለ ሰረሰር የነርቭ መስመር መመናመኑ ታይቷል።

ለምን እግር ብቻ?

ተመራማሪዎች ከሚሰጡት ማብራሪያ አንዱ የአክሰኑ ርዝመት ነው። እስከ ወገብ የሚወርደው አክሰን ከሁሉም ረጅም ስለሆነ ብዙ ኃይልና ብዙ ጭነት ይፈልጋል። ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚራበው የክሩ ጫፍ ነው። የመስኖ ውሃ ሲያንስ መጀመሪያ የሚደርቀው በቦዩ መጨረሻ ያለው ማሳ እንደሆነ ያስቡት። ወደ እጅ የሚሄደው ክር አጭር በመሆኑ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

የማሰብ፣ የማስታወስ፣ የማየትና የመስማት ችሎታ አይጎዳም። የእግር ቆዳ ሙቀትንና ንክኪን መለየቱን ይቀጥላል። በሽታው ዕድሜን በራሱ አያሳጥርም።

ከአልዛይመርና ከፓርኪንሰን በምን ይለያል?

ብዙ ቤተሰቦች "እየባሰበት ይሄዳል ወይ?" ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ሌሎች የነርቭ ሕዋስን የሚያመነምኑ በሽታዎች እየባሱ ይሄዳሉ።

በአልዛይመር በሽታ በሕዋሱ ውስጥና በዙሪያው የተጠቀለሉ ፕሮቲኖች ይከማቻሉ፤ ይህን አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ገልጾታል። በፓርኪንሰን በሽታ ደግሞ አልፋ-ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን በሕዋሱ ውስጥ እየረጋ ጉብታ ይሠራል። በሁለቱም የሕዋሱ ቆሻሻ ማስወገጃ ክፍሎች ሥራው ስለሚበዛባቸው ጉዳቱ ከዓመት ወደ ዓመት ይቀጥላል። የማይቶኮንድሪያ መድከምና የጎጂ ቅንጣቶች መብዛት ግን በላቲሪዝምም፣ በእነዚህም በሽታዎች የጋራ ነው።

ልዩነቱ ይህ ነው፦ በላቲሪዝም ጉዳቱ የሚመጣው ከውጭ ነው። ጓያው ሲቆም መርዙ ይቆማል፤ በሽታውም አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይረጋል። ጓያ መብላት ካቆሙ በኋላም ድክመቱ ከወር ወደ ወር እየጨመረ ከሄደ፣ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ተመልሰው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ምልክቶች

በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በድንገት ነው። ሰውየው ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት እግሩ አልታዘዝ ይለዋል፤ ወይም ከባድ ሥራ ውሎ፣ ረጅም መንገድ ሄዶ ሲመለስ ይጀምረዋል። የሚከተሉት ምልክቶች ይታያሉ፦

• የእግር መክበድና የባት ጡንቻ መኮማተር
• ሲሄዱ ጉልበት መክዳት፣ ሲሮጡ መውደቅ
• የእግር መገተር፤ ጉልበት እንደ ልብ አለመታጠፍ
• በእግር ጣት ጫፍ መራመድ፣ እግር እየተጠላለፈ መሄድ
• በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዳንዴ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት

ሐኪሞች የጉዳቱን መጠን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል፦ ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በአንድ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ እና በእጁ እየዳኸ የሚሄድ።

ማን ይበልጥ ይጋለጣል?

• ጓያን ለሁለትና ለሦስት ወር ያህል ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው
• ከሴቶች ይልቅ ወጣት ወንዶች
• በረሃብ የተጎዳ፣ ከባድ የጉልበት ሥራ የሚሠራ ሰው
• በጓያ የቀን ሥራ ዋጋ የሚከፈለው፣ ሌላ እህል የመግዛት አቅም የሌለው ሰው

ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው ሊታመም ይችላል። ይህ የሆነው በሽታው ስለተላለፈ ሳይሆን የሚበሉት ከአንድ ድስት ስለሆነ ነው።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ

ለላቲሪዝም ማረጋገጫ የሚሆን የደም ምርመራ የለም። ሐኪሙ የሚለየው በሽተኛውን በመመርመርና የአመጋገቡን ታሪክ በመጠየቅ ነው። ስለዚህ ባለፉት ሦስትና አራት ወራት ምን ያህል ጊዜ፣ በምን መልክ ጓያ እንደተበላ በግልጽ ይንገሩ። "ጓያ ነው የምንበላው" ማለት ድህነትን እንደ መናዘዝ ስለሚቆጠር ብዙዎች ይደብቁታል፤ ለሐኪሙ ግን ከሁሉ የሚበልጠው መረጃ እሱ ነው።

ሌሎች ሊታከሙ የሚችሉ በሽታዎችም እግርን ያሽመደምዳሉ፦ የአከርካሪ አጥንት የሳንባ ነቀርሳ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ኤች አይ ቪ እና ህብለ ሰረሰርን የሚጫን ዕጢ ከእነዚህ ዋናዎቹ ናቸው። ስለዚህ "ጓያ ነው" ብለው ራስዎ አይወስኑ።

የሚከተሉት ካሉ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፦

• የጀርባ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብ ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር
• ከወገብ ወይም ከደረት በታች መደንዘዝ
• ሽንት መሽናት አለመቻል፣ ወይም ሽንትና ሰገራ ማምለጥ
• ከመውደቅ ወይም ከአደጋ በኋላ የመጣ ሽባነት
• እጅን፣ መዋጥን ወይም መተንፈስን የሚነካ ድክመት

በፎገራ አካባቢ ከሆኑ በመጀመሪያ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ካስፈለገ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ሆስፒታል ሊልክዎ ይችላል።

ሕክምና

የሞተውን የነርቭ ሕዋስ የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም። ይህ ማለት ግን ምንም አይደረግም ማለት አይደለም።

ጓያን ማቆም። የመጀመሪያው ሕክምና ይህ ነው። ገና ሲጀምር ያቆሙ አንዳንድ ሰዎች በመጠኑ ይሻላቸዋል፤ ከዚያ በላይ የሚደርሰውን ጉዳትም ይከላከላል።

የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና። በየቀኑ የባትንና የጭንን ጡንቻ ማሳሳብ ተረከዝ እንዳይሸበሸብና ጉልበት እንደታጠፈ እንዳይቀር ይረዳል። ቤተሰብ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ተምሮ ቤት ውስጥ ሊያሠራ ይችላል። ያለ ማስገደድ፣ ቀስ ብሎ፣ በየቀኑ መሥራት በሳምንት አንዴ ብዙ ከመሥራት ይሻላል።

ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት። ሐኪሙ እንደ ባክሎፈን ያለ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። መገተሩን ይቀንሳል እንጂ በሽታውን አያድንም። ባክሎፈን ሲወስዱ ከቆዩ በኋላ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ ማቆም ከፈለጉ ሐኪም ያማክሩ።

መደገፊያ። ልክ የሆነ ምርኩዝ፣ ክራንች ወይም ተሽከርካሪ ወንበር የሰውን ሕይወት ይለውጣል። ብብትን የሚጎዳ ረጅም ክራንች፣ ወገብን የሚያጎብጥ አጭር ምርኩዝ ግን ሌላ ሕመም ያመጣል።

እንዴት መከላከል ይቻላል?

ጓያን ጨርሶ አትብሉ ማለት፣ ሌላ እህል ለሌለው ቤተሰብ ምክር አይሆንም። የሚከተሉት ግን በአቅም ሊደረጉ ይችላሉ።

ቀላቅሉ። ጓያን ከጤፍ፣ ከበቆሎ፣ ከማሽላ ወይም ከሌላ እህል ጋር አብሮ መብላት ሕዋሱ የሚያስፈልጉትን ድኝ ያላቸውን አሚኖ አሲዶች ይሰጣል። ጥቂት ሌላ እህል ካለ ለብቻው ተበልቶ አልቆ ከዚያ ወደ ጓያ ብቻ ከመግባት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እየቀላቀሉ መብላት ይሻላል።

ዘፍዝፉ፣ ውሃውን ድፉ። ቤታ-ኦዳፕ በውሃ ይሟሟል። ጓያውን በብዙ ውሃ አሳድሮ ውሃውን መድፋት፣ ሲቀቅሉም የመጀመሪያውን ውሃ መድፋት መርዙን ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ ግን አያጠፋውም።

አዘገጃጀቱን ምረጡ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት፣ ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በጥሬ እሸት መልክ የሚበሉ ሰዎች ይበልጥ ተጋልጠው ተገኝተዋል። በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ መብላት እንዲህ ያለ ግንኙነት አላሳየም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ባለበት ወጥ መብላትም ሕዋሱን ከጎጂ ቅንጣቶች ለመከላከል ሊረዳ ይችላል። እረኛ ልጆችና ወጣቶች በማሳ ላይ እሸት እየጠረጠሩ እንዳይውሉ ይንገሯቸው።

ዝርያውን ጠይቁ። መርዙ ዝቅ ያለ ዝርያም አለ፤ በኢትዮጵያ ከተለቀቁት አንዱ ዋሴ ይባላል። መርዙ ያነሰ እንጂ የሌለው ስላልሆነ ይህንንም ለብቻው ዋና ምግብ አያድርጉት። ስለ ዘሩ የግብርና ባለሙያዎን ይጠይቁ።

ቀድማችሁ ተናገሩ። በጎተራ የቀረው ጓያ ብቻ ከሆነ ለቀበሌውና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ያሳውቁ። የእህል እርዳታ ጥቅም የሚኖረው እግር ከመያዙ በፊት ሲደርስ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነሡ ጥያቄዎች

የጓያ እንፋሎት ወይም ገለባው ያሽመደምዳል?
አያሽመደምድም። ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት፣ በጓያ ማሳ ውስጥ ማለፍ ወይም ገለባው ላይ መተኛት በሽታውን አያመጣም። የሚያመጣው በብዛትና ለረጅም ጊዜ መብላቱ ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ከእንፋሎቱ እየሸሸ ንፍሮውን የሚበላ ሰው ራሱን የጠበቀ ይመስለዋል።

የጓያ ሽሮ እወዳለሁ፤ ላቁም?
የተለያየ ምግብ የሚበሉ ከሆነና ጓያው ከምግብዎ ጥቂቱ ብቻ ከሆነ የሚያሰጋ አይደለም። ከዚህ በፊት በሽታው የያዘው ሰው ግን ጨርሶ ቢተወው ይመረጣል።

ልጆቼ ይወርሱታል? ማግባትስ ይቻላል?
በሽታው አይወረስም። የታመመ ሰው ማግባት፣ ጤናማ ልጅ መውለድና ማሳደግ ይችላል። ቤተሰቡን "የበሽታ ዘር" ማለት ስሕተት ነው።

ጠበል ወይም የባህል መድኃኒት እየተከታተልን ነው፤ ምን ታስቡልናላችሁ?
ጸሎትና ጠበል ከሐኪም ክትትል ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል። እግርን መተኮስ፣ መብጣትና ያልታወቀ ሥር መጠጣት ግን ቁስልና ሌላ ጉዳት ያመጣል። እንቅስቃሴውንና መድኃኒቱንም አያቋርጡ።

ለቤተሰብ

በዚህ በሽታ የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱን የሚያርስ ወጣት ነው። እግሩ ተይዞ አእምሮው ሙሉ ስለሆነ፣ በሬው ሲሸጥና ማሳው ለሌላ ሲሰጥ ሁሉን ያያል። ዝም ማለት፣ ምግብ እንቢ ማለትና ከሰው መራቅ ካዩ ሐዘን ነው ብለው አይለፉት፤ ለጤና ባለሙያ ይንገሩ።

እጁ እንደሚሠራ አይርሱ። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ፣ ንግድ፣ ልብስ ስፌት ወይም ትምህርት ለብዙዎች መንገድ ሆኗል። ቤት ውስጥ ምክር ሲደረግም እንደ ቀድሞው ይጠይቁት፤ የደከመው እግሩ ብቻ ነው።